480 ሙሉ ጂኖም በክላውድ ላይ፦ ሥራው የሚያንቀው የት ነው? ወጪውስ ከየት ይመጣል?

ናሙና_ጫኝ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። የ480 ሰው ሙሉ ጂኖም አለን። በኖቫሴቅ 6000 (የዲኤንኤ ማንበቢያ ማሽን) የተነበበ ነው፤ 150 ቤዝ ፔርድ-ኤንድ (ከቁራጩ ከሁለቱም ጫፍ 150 ፊደል)፣ አማካይ ሽፋኑ 30 እጥፍ (እያንዳንዱ ቦታ በአማካይ 30 ጊዜ የተነበበ)። ሁሉንም በጂአርሲኤች38 (የሰው ማጣቀሻ ጂኖም) ላይ አላይን አድርገን (ንባቦቹን በየቦታቸው ገጥመን)፣ ለየናሙናው ጂቪሲኤፍ (የአንድ ናሙና የቫሪያንት መዝገብ፤ ቫሪያንት ማለት ከማጣቀሻው የሚለይ ቦታ ነው) አውጥተን፣ መጨረሻ ላይ የሁሉንም ቫሪያንቶች የያዘ አንድ የጋራ ቪሲኤፍ እንዲኖረን እንፈልጋለን። ዎርክፍሎው በኔክስትፍሎ (የሥራ ደረጃዎችን የሚያቀናጅ መሣሪያ) የተጻፈ ነው፤ የሚሮጠው በኤደብሊውኤስ ባች (ጆቦችን ለማሽኖች የሚያከፋፍል የአማዞን ክላውድ አገልግሎት) ላይ። አላይን የሚያደርገው ቢደብሊውኤ-ሜም፣ የአላይንመንት ፋይሎቹን የሚያሰናዳው ሳምቱልስ፣ ከዚያ ቫሪያንት የሚለየው (የሚጠራው) የጂኤቲኬው ሃፕሎታይፕ-ኮለር፤ የተለየ ነገር የለውም።

በጥቂት ናሙናዎች ሲሞከር የታየው ይህ ነው። ባለ 96 ቪሲፒዩ (ቨርቹዋል ሲፒዩ) ማሽን ቢያዝም አብዛኛውን ሰዓት ሲፒዩው ከግማሽ በታች ነው የሚሠራው። በስፖት (አቅራቢው ሲፈልግ መልሶ የሚወስደው ርካሽ ማሽን) ሲሆን አላይንመንቱ ሊያልቅ ሲል ማሽኑ ይወሰድና ሥራው ከዜሮ ይጀምራል። ሃፕሎታይፕ-ኮለር አንዳንዴ ሎጉ ላይ አንድም ስህተት ሳይጽፍ በመውጫ ኮድ 137 ይሞታል። ሂሳቡ ሲመጣ ደግሞ ከማሽን ኪራዩ ይልቅ ያላሰብናቸው መስመሮች ናቸው ያበጡት።

እንግዲህ፦ ምን ዓይነት ማሽን ይሻላል? ስፖት ይቅር ወይስ ይቀጥል? የትኛው ፋይል ይቀመጥ፣ የትኛው ይጣል? የ480ው የጋራ ጥሪስ (የሁሉንም ናሙና ቫሪያንት በአንድነት መለየት) እንዴት ይከፋፈል?


ኮንቲግ

መጀመሪያ ልኩን እንያዝ፤ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። ጂኖሙ 3.1 ቢሊዮን ቤዝ ገደማ ነው፤ በ30 ሲባዛ 93 ቢሊዮን ይሆናል። አንድ ጥንድ 300 ቤዝ ስለሚይዝ በናሙና ወደ 310 ሚሊዮን ጥንድ ሪድ (ንባብ) አላችሁ። ኖቫሴቅ 6000 የቤዝ ጥራትን በ4 ደረጃ ብቻ ስለሚጽፍ (2፣ 12፣ 23፣ 37) ፋይሉ በደንብ ይታመቃል፤ ጂዚፕ የሆነው ፋስትኪው (የጥሬ ሪዶቹ ፋይል) በናሙና ከ40 እስከ 60 ጊጋባይት ቢሆን ነው። 50 ካልን ሁሉም 24 ቴራባይት ይደርሳል። ከአላይንመንት እስከ ጂቪሲኤፍ ላለው ሥራ በናሙና 200 ቪሲፒዩ-ሰዓት ብትይዙ ለዕቅድ ይበቃል፤ በድምሩ 96,000። በአንድ ጊዜ 1,000 ቪሲፒዩ ካገኛችሁ 4 ቀን ነው። ኮታ ስትጠይቁም በጀት ስታስይዙም መነሻችሁ ይህ ስሌት ይሁን።

የ96ቱ ማሽን ሥራ የሚፈታው ጥፋት ስላለበት አይደለም። ቢደብሊውኤ-ሜም ኮር ሲጨመርለት ይፈጥናል፤ ቀጥሎ ያለው ግን አይከተለውም። ፋይሎችን ማዋሃድና ድግግሞሽ (የአንድ ሞለኪውል ቅጂ የሆኑ ሪዶች) ላይ ምልክት ማድረግ በአብዛኛው በአንድ ትሬድ የሚሄዱ ወይም ዲስክ የሚጠብቁ ናቸው። ሃፕሎታይፕ-ኮለር ትሬድ የሚጠቀመው በፔር-ኤችኤምኤም (ሪዶችን ከቫሪያንት አማራጮች ጋር የሚያመዛዝነው) ስሌቱ ላይ ብቻ ነው፤ ነባሪው 4 ነው፣ 32 ብትሰጡትም ያው ነው። በዚያ ላይ በኢንቴል ማሽኖች አንድ ቪሲፒዩ አንድ ሃይፐርትሬድ እንጂ ሙሉ ኮር አይደለም፤ 96 የተባለው 48 ኮር ነው። ስለዚህ ደረጃዎቹን ለያዩና ለየራሳቸው የሚበቃቸውን ስጡ፦ ለአላይንመንት 16 ቪሲፒዩ ከ64 ጊጋባይት ራም ጋር፣ ለሃፕሎታይፕ-ኮለር አንድ ክፍል 2 ቪሲፒዩ ከ8 ጊጋባይት ጋር።

ስፖት ይቀጥል፤ ማጠር ያለበት ጆቡ ነው። ኤደብሊውኤስ ማሽኑን ከመውሰዱ በፊት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ 2 ደቂቃ ነው፤ ጉግል ክላውድና አዡር 30 ሰከንድ ነው የሚሰጡት። ቢደብሊውኤ መሐል ላይ ቆሞ የሚቀጥልበት መንገድ ስለሌለው ሁለቱም ጊዜ ለእሱ ከንቱ ነው። ፋስትኪውውን በ25 ሚሊዮን ጥንድ ቁረጡት፤ በናሙና 12 ወይም 13 ቁራጭ ይወጣል፤ እያንዳንዱ በ16 ቪሲፒዩ ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል። ማሽኑ ቢወሰድ የሚከስረው ያ ቁራጭ ብቻ ነው።

ስትቆርጡ ሦስት ነገር አደራ። አንደኛ፣ ለቢደብሊውኤ ትልቁን ኬ የሚባለውን የትእዛዝ አማራጭ 100,000,000 ብላችሁ ስጡት። ካልሰጣችሁት በአንዴ የሚያነበው የቤዝ ብዛት በትሬድ ቁጥር ይወሰናል፤ የኢንሰርት ርዝመትን (ከሁለት ጫፍ የተነበበው የዲኤንኤ ቁራጭ ርዝመት) የሚገምተው ከዚያው ስለሆነ በ8 ትሬድና በ16 ትሬድ የሚወጣው ባም (የአላይንመንት ፋይል) በጥቂቱ ይለያያል። ሁለተኛ፣ የሪድ ግሩፕ መስመሩን (ሪዶቹ የየትኛው ናሙና እንደሆኑ የሚናገረውን) በየቁራጩ ላይ አስገቡ፤ ያለ እሱ ጂኤቲኬ አይሠራም። ሦስተኛ፣ ድግግሞሽ ምልክት የሚደረገው ቁራጮቹ ከተዋሃዱ በኋላ ነው፤ የአንድ ሞለኪውል ቅጂዎች በተለያየ ቁራጭ ውስጥ ሊወድቁ ስለሚችሉ በየቁራጩ ብታደርጉት ያመልጧችኋል። ኖቫሴቅ ላይ የኦፕቲካል ድግግሞሽ (በንባብ ማሽኑ ላይ ተቀራርቦ የሚገኝ ቅጂ) ርቀቱንም ከነባሪው 100 ወደ 2500 ቀይሩት።

ለሃፕሎታይፕ-ኮለር ጂኖሙን ወደ 50 ክፍል በትኑ። ድንበሮቹ የኤን ተከታታይ (ማጣቀሻው ፊደላቸውን የማያውቃቸው) ባለባቸው ቦታዎች ይሁኑ፤ እዚያ የሚቆረጥ ቫሪያንት ስለሌለ ሲገጣጠም ችግር አይመጣም።

አንድ የኔክስትፍሎ ነገር፦ ከ24.10 ስሪት ወዲህ ስፖት ማሽን ሲወሰድ ጆቡን በራሱ የሚደግምበት ቁጥር ነባሪው 0 ሆኗል፤ ቀድሞ 5 ነበር። ኮንፊጉ ላይ ራሳችሁ ካልጻፋችሁት ማሽን በተወሰደ ቁጥር ጆቡ እንደወደቀ ነው የሚቆጠረው።


ባለ_ባኬት

ሂሳቡን እኔ ልያዘው። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ካልታሰቡት መስመሮች ዋናው ብዙ ጊዜ ናት ጌትዌይ የሚባለው (ከውስጥ ኔትዎርክ ወደ ውጭ መውጫው በር) ነው። ጆቦቹ በፕራይቬት ሰብኔት ውስጥ ከሆኑ ከኤስ3 (የአማዞን ፋይል ማከማቻ) የሚያወርዱትም የሚጭኑትም ሁሉ በናት ያልፋል፤ በየጊጋባይቱም ይቆጠራል። 24 ቴራባይቱ አንዴ ብቻ አይደለም የሚያልፈው፤ በየደረጃው ይወርዳል፣ ይጫናል። መፍትሔው ለኤስ3 የጌትዌይ ኢንድፖይንት (በናት የማያልፍ ቀጥተኛ መንገድ) ከፍቶ ከሰብኔቱ ራውት ቴብል ጋር ማያያዝ ነው። እሱ ክፍያ የለውም። ኢንድፖይንቱን ፈጥሮ ራውት ቴብሉን የሚረሳ ብዙ ስለሆነ መኖሩን ብቻ ሳይሆን መያያዙንም እዩ። ባኬቱ (ኤስ3 ላይ ያለው የፋይል መያዣ) እና ማሽኖቹ ደግሞ የግድ በአንድ ሪጅን ይሁኑ።

ቀጥሎ የዎርክ ማውጫው (መሸጋገሪያ ፋይሎች የሚቀመጡበት)። ኔክስትፍሎ ቁራጭ ባሙንም፣ የተደረደረውንም፣ የተዋሃደውንም፣ ምልክት የተደረገበትንም ሁሉንም እዚያ ይተዋል። በዲስክ ላይ ሲሆን ውጤቱን በሊንክ ያሳያል፤ ኤስ3 ላይ ግን ሊንክ የሚባል ነገር ስለሌለ ፐብሊሽ የተደረገው ሁሉ ሁለተኛ ቅጂ ነው። ከፋስትኪውው ከ3 እስከ 5 እጥፍ ቦታ መያዙ አያስገርምም። ዎርኩን ለብቻው ባኬት ስጡትና በ14 ቀን የሚያጠፋ ላይፍሳይክል ሩል አድርጉበት። ናሙናዎቹን በ40 በ40 ምድብ ብትለቁ አንዱ ምድብ ሩሉ ሳይደርስበት ያልቃል። ሪዚዩም (ከቆመበት መቀጠል) የሚሠራው ዎርኩ እስካለ ድረስ ነው፤ ሩሉ መሐል ላይ ከቀደመ ሥራው እንደ አዲስ ይጀምራል።

ባኬቱ ላይ ቨርዥኒንግ ከበራ ደግሞ የጠፋው ፋይል አልጠፋም፤ አሮጌ ቨርዥን ሆኖ ይቆጠራል። ለዎርክ ባኬት አታብሩት። ተጀምረው ሳያልቁ የቀሩ መልቲፓርት (በቁራጭ በቁራጭ የሚጫኑ) አፕሎዶችም ሳይታዩ ቦታ ይይዛሉ፤ በ7 ቀን የሚያስወግድ ሩል ጨምሩ።

ማኅደር ደረጃዎች ላይ ዝቅተኛ ቆይታ አለ፦ ስታንዳርድ-አይኤ 30 ቀን፣ ግላሲየር 90፣ ዲፕ አርካይቭ 180። ቀድማችሁ ብታጠፉም የቀረውን ቀን ትከፍላላችሁ፤ ስለዚህ መሸጋገሪያ ፋይል ወደዚያ አይሄድም። ከዲፕ አርካይቭ ማስመለስ በመደበኛው እስከ 12 ሰዓት፣ በርካሹ እስከ 48 ሰዓት ይወስዳል።

የሚቀመጠው ክራም (ከባም ይበልጥ የታመቀ የአላይንመንት ፋይል)፣ ጂቪሲኤፍ፣ የመጨረሻው ቪሲኤፍና የጥራት ሪፖርቶቹ። ክራሙ በእናንተ መረጃ ከ15 እስከ 20 ጊጋባይት ይወርዳል። ፋስትኪውውን ለመጣል ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ክራሙ ያልተገጠሙትንም ሪዶች መያዝ አለበት፤ በሳምቱልስ ፍላግስታት የሚወጣው የፕራይመሪ (እያንዳንዱ ሪድ አንዴ ብቻ ሲቆጠር) ቁጥርም ከፋስትኪው ሪዶች ብዛት ጋር እኩል መሆን አለበት። ከአላይንመንት በፊት በፋስትፒ አዳፕተር (በናሙና ዝግጅት የተቀጠለ ሰው ሠራሽ ዲኤንኤ) ቆርጣችሁ ከሆነ ግን ያ ክራም ዋናውን አይመልስም፤ እንደዚያ ከሆነ ፋስትኪውው ዲፕ አርካይቭ ይግባ።

ገና ያልጫናችሁት ካለ፦ 24 ቴራባይት በ1 ጊጋቢት መስመር ያለምንም ብክነት 53 ሰዓት ይፈጃል፤ በ100 ሜጋቢት 22 ቀን። ከተጫነ በኋላ ኤስ3 የሚያሳየውን ኢታግ (የፋይሉ መለያ) ከኤምዲ5 (ከይዘቱ የሚሰላ አሻራ) ጋር አታወዳድሩ። በመልቲፓርት የተጫነ ፋይል ኢታግ የጠቅላላ ፋይሉ ኤምዲ5 ስላልሆነ ፋይሉ ደህና ሆኖ ሳለ የተበላሸ ይመስላችኋል። ቼክሰም ሲጫን አብሮ እንዲመዘገብ አድርጉ።


ሃፕሎ_ቆጣሪ

137 ማለት 128 ሲደመር 9 ነው፤ ከርነሉ በሲግናል 9 ገድሎታል። ምክንያቱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል የራም ጣሪያ ነው። ሎጉ ባዶ የሆነውም ፕሮግራሙ ለመናገር ዕድል ስላላገኘ ነው። ለጃቫ የተሰጠው ኤክስኤምኤክስ (የሂፑ ማለትም የራሱ ሜሞሪ ጣሪያ) ከኮንቴይነሩ ራም ጋር እኩል ከሆነ መሞቱ አይቀርም፤ ጃቫ ከሂፑ ውጭም ይበላል፣ ፔር-ኤችኤምኤሙም ከጃቫ ውጭ የሚሮጥ ኮድ ነው። ኮንቴይነሩ 8 ጊጋባይት ከሆነ ለጃቫ 6 ስጡት። ድግሙን ደግሞ እንዲህ አድርጉት፦ ራሙ በሙከራ ቁጥር ይባዛ (8፣ 16፣ 24)፤ የሚደገመውም 137 ሲመጣ ብቻ ይሁን። ሁሉን ስህተት የሚደግም ኮንፊግ የተሳሳተ የፋይል ስም ያለበትን ጆብ እንኳ ሦስቴ ያስከፍላችኋል።

ኮንቲግ 50 ክፍል ያለው ልክ ነው፤ ግን አንድ ነገር ተዘሏል። ኔክስትፍሎ በባች ላይ ለያንዳንዱ ጆብ ግብዓቱን ሙሉውን ያወርዳል። 17 ጊጋባይት ክራም ለ50 ክፍል 850 ጊጋባይት ነው፤ ለ480 ናሙና ከ400 ቴራባይት በላይ። በአንድ ሪጅን ውስጥ ዝውውሩ ራሱ ነጻ ቢሆንም ማሽኑ ቆሞ ሲያወርድ ኪራዩ ይቆጥራል። ከሁለት አንዱን ምረጡ። ፊውዥን የሚባለው የፋይል ስርዓት የሚፈለገውን ክፍል ብቻ ከኤስ3 ያነባል። እሱ ካልሆነ አንድ ጆብ 16 ቪሲፒዩና 64 ጊጋባይት ይዞ ክራሙን አንዴ አውርዶ 8 ክፍል ጎን ለጎን ያሂድ፤ 50ው በ7 ጆብ ያልቃል፣ ማውረዱም ከ50 ወደ 7 ይወርዳል። ጉግል ክላውድ ላይ ጂኤቲኬ ከባኬቱ በቀጥታ ስለሚያነብ ይህ ጣጣ የለም።

ወደ ጋራ ጥሪው። ጂኖሚክስዲቢ-ኢምፖርትን (ጂቪሲኤፎቹን ወደ አንድ ዳታቤዝ የሚያስገባው የጂኤቲኬ መሣሪያ) በየክፍሉ ለየብቻ አሂዱ፤ አንድ ክፍል አንድ ዎርክስፔስ (የዳታቤዙ ማውጫ)። ባች መጠኑ (በአንድ ዙር የሚገባው የናሙና ብዛት) 50 ይሁን፤ 480ው በ10 ዙር ይገባል። ባች ካልተሰጠው 480ውን ጂቪሲኤፍ በአንዴ ይከፍትና ራሙ ወይም የክፍት ፋይል ገደቡ ይጥለዋል። እዚህ ላይ ለጃቫ ከራሙ 60 በመቶ በላይ አትስጡ፤ ከባዱን የሚሠራው ከታች ያለው የሲ++ ላይብረሪ ነው፣ እሱ የሚበላው ከሂፕ ውጭ ነው። ዎርክስፔሱ በማሽኑ በራሱ ኤንቪኤምኢ ዲስክ ላይ ይጻፍ፤ ሲያልቅ ታር ሆኖ ወደ ባኬት ይሂድ። ጥቃቅን ፋይል ስለሚበዛው ሳይጠቀለል መላኩ አሰልቺ ነው። ይህ ደረጃ ስፖት ላይ ባይሆን ይመረጣል። ክፍሎቹም ከክሮሞዞም 1 እስከ 22፣ ኤክስ፣ ዋይና ኤም ይብቃቸው፤ የአልትና የኤችኤልኤ ኮንቲጎቹን (ማጣቀሻው ላይ የተጨመሩ አማራጭ ቅደም ተከተሎች) በሺህ የሚቆጠሩ ቁርጥራጮች እዚህ ማስገባት ጊዜ ከመብላት በቀር ትርፍ የለውም።

በኋላ ናሙና ሲጨመር ዎርክስፔሱን ማደስ ይቻላል፤ ግን መሐል ላይ ከወደቀ ዎርክስፔሱ ሊበላሽ ስለሚችል ቅጂ ሳይወሰድ አይነካ።

ከዳታቤዙ የጋራ ቪሲኤፉን የሚያወጣው ጂኖታይፕ-ጂቪሲኤፍስም በየክፍሉ ይሄዳል፤ ኤክሴስ-ሄት (የሄትሮዛይጎት ከልክ መብዛት መለኪያ) ከ54.69 በላይ የሆነውን ምልክት አድርጉበት። ቪኪውኤስአር (ቫሪያንቶችን በጥራት የሚያጣራው) ግን በየክፍሉ አይሠራም! ሞዴሉ የሚማረው ከጠቅላላ ጂኖሙ ነው፤ በየክፍሉ ብታስተምሩት 50 የተለያየ የጥራት መስፈሪያ ይኖራችኋል፣ በድንበሮቹ ላይም የማለፊያው መጠን ይዘላል። ጂኖታይፖቹ የተወገዱለት፣ ቦታዎቹን ብቻ የያዘ ቪሲኤፍ ከየክፍሉ ሰብስቡ፤ ትንሽ ስለሚሆን አንድ ማሽን ይችለዋል። ሞዴሉን አንዴ አስተምሩና መልሳችሁ በየክፍሉ ተግብሩት።

ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ግን እያንዳንዱን ናሙና መርምሩ፦ ሽፋን፣ ጾታ ከመዝገቡ ጋር መስማማቱ፣ በቬሪፋይባምአይዲ2 ብክለት (የሌላ ሰው ዲኤንኤ መቀላቀል)። ፍሪሚክስ (የብክለት ግምቱ) ከ0.03 በላይ ያለው ናሙና ለብቻው ይታይ። የተበከለ ናሙና ጋራ ጥሪው ውስጥ ከገባ በኋላ ማውጣት ማለት ያንን ደረጃ እንደገና መክፈል ነው። ኤችጂ002ንም (ቫሪያንቶቹ አስቀድመው የታወቁ ማመሳከሪያ ናሙና) በዚሁ መስመር አሳልፉትና በጋያብ 4.2.1 እውነተኛ ዝርዝር ላይ በሃፕ-ፓይ አወዳድሩ። የኤስኤንፒ (የአንድ ፊደል ልዩነት) ኤፍ1 የሚባለው የትክክለኛነት መለኪያ ከ0.99 በታች ከመጣ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የማጣቀሻ ጂኖም መዛነቅ ወይም የጎደለ ክፍል ነው፤ 480ው ሳይለቀቅ ይገኝ።


ናሙና_ጫኝ

እጅግ አመሰግናለሁ። ቁራጩም የጃቫው ራምም ተስተካክሏል፤ 137 ጠፍቷል። ሁለት ነገር ቀረ። ባች ላይ ብዙ ጆቦች ራነብል በሚለው ሁኔታ ላይ ለሰዓታት ይቆማሉ፤ አይጀምሩም፣ አይወድቁም። ሌላው፣ ክራም የሚያነቡት ጆቦች ብዙ ሆነው በአንዴ ሲነሱ ሲፒዩአቸው ዜሮ ሆኖ ይንጠለጠላሉ፤ አንድ ብቻውን ሲነሳ ግን ቀስ እያለም ቢሆን ያልፋል።


ኮንቲግ

ራነብል ማለት ባች የሚያስቀምጥበት ማሽን አላገኘም ማለት ነው። መጀመሪያ ኮታውን እዩ፤ የሚቆጠረው በቪሲፒዩ ነው፣ የስፖቱና የመደበኛው ኮታም የተለያየ ነው። መደበኛውን አስጨምራችሁ ስፖቱ እንደነበረ ከቀረ ለውጥ አይታያችሁም። ኮታው ደህና ከሆነ የጠየቃችሁትን ራም እዩ። 64 ጊጋባይት የተባለ ማሽን 64ቱንም ለጆብ አይሰጥም፤ ሲስተሙና ኤጀንቱ የራሳቸውን ይወስዳሉ። ጆቡ ልክ 64 ካለ በዚያ ማሽን መቼም አይገባም፤ ትልቅ ማሽን ካልተፈቀደ ለዘላለም ይጠብቃል። 60 በሉት። ለ16 ጊጋባይቱም 14።

ሁለቱም ካልሆኑ ማሽኑ ተነስቶ ክላስተሩ ውስጥ አልተመዘገበም ማለት ነው፤ ወይ ሮሉ (የመጠቀም ፈቃዱ) የለውም፣ ወይ ሰብኔቱ መውጫ የለውም። ኢንድፖይንቱን ስትጨምሩ ናቱን ነቅላችሁት ከሆነ ይኸው ነው። የኤስ3 ኢንድፖይንት ለኤስ3 ብቻ ነው፤ የኮንቴይነር ማከማቻውና የኢሲኤስ (ባች ኮንቴይነሮቹን የሚያሄድበት) አገልግሎቶቹ የራሳቸውን መንገድ ይፈልጋሉ።

ሳትጠይቁኝ ልጨምር፦ የኢሲኤስ አሚው (የማሽኑ መነሻ ኢሜጅ) በአማዞን ሊኑክስ 2 ላይ ነባሪ ዲስኩ 30 ጊጋባይት ነው። ለአንድ ቁራጭ ይበቃ ይሆናል፤ ለማዋሃዱ ደረጃ ግን አይበቃም። ላውንች ቴምፕሌት ላይ 300 አድርጉት። ዲስኩ ጂፒ3 የሚባለው ዓይነት ከሆነ ነባሪ ፍጥነቱ በሰከንድ 125 ሜጋባይት ስለሆነ እሱንም ከፍ አድርጉት፤ አለበለዚያ መደርደሩ ዲስክ ሲጠብቅ ይውላል።


ባለ_ባኬት

የክራሙ መንጠልጠል ማጣቀሻውን ፍለጋ ነው። ክራም ከሪዶቹ ቤዞች የሚያስቀምጠው ከማጣቀሻው የሚለየውን ብቻ ስለሆነ ለመፈታት ማጣቀሻ ጂኖሙ ያስፈልገዋል። የፋስታው (የማጣቀሻ ጂኖሙ ፋይል) ቦታ በግልጽ ካልተነገረው ኤችቲኤስሊብ (ሳምቱልስ የሚጠቀምበት ላይብረሪ) በሄደሩ ላይ ባለው ኤምዲ5 ይፈልጋል፤ በቆዩ ስሪቶች ደግሞ ሪፍ-ፓዝ (ማጣቀሻው የሚፈለግበትን ቦታ የሚናገር ሴቲንግ) ባዶ ከሆነ ከኢቢአይ (የአውሮፓ ባዮኢንፎርማቲክስ ተቋም) ሰርቨር በኢንተርኔት ሊያወርድ ይሞክራል። መቶ ጆብ በአንዴ ሲነሳ መቶውም አንድን ሰርቨር ይጠብቃሉ። የውጭ ግንኙነት በሌለው ሰብኔት ውስጥ ከሆነማ ታይምአውት እስኪል ቆመው ነው የሚቀሩት።

በየትእዛዙ ላይ ፋስታውን ከነኢንዴክሱ ስጡ። የሚያስተማምነው ግን የሪፍ-ካሽ ማውጫውን ቀድሞ ሞልቶ ማሽኑ ሲነሳ ዲስኩ ላይ እንዲገኝ ማድረግ ነው፤ ከሳምቱልስ ጋር የሚመጣው የሲክ-ካሽ-ፖፑሌት ስክሪፕት ይሞላዋል። ሪፍ-ፓዝንም ወደዚያው ማውጫ አዙሩት፤ ያኔ ካሹ ውስጥ ያልተገኘ ነገር ሲኖር ወደ ውጭ ሳይሮጥ ወዲያው ስህተት ይሰጣል። ፋስታው ክራሙ የተጻፈበት ራሱ ይሁን። አልት ያለውና አልት የሌለው የጂአርሲኤች38 ፋይል ስማቸው ተቀራራቢ ነው፤ የኤምዲ5 አለመመሳሰል የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከእነሱ ነው።

የዶከር ኢሜጆቹንም ከሕዝባዊው ማከማቻ አትሳቡ። በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የሚፈቀደው ቁጥር የተገደበ ነው፤ ሁሉም ማሽኖች በአንድ ናት አድራሻ ሲወጡ እንደ አንድ ተጠቃሚ ይቆጠራሉ። ወደ ራሳችሁ ኢሲአር (የኤደብሊውኤስ የኮንቴይነር ማከማቻ) ገልብጧቸው።


ቴንሰር_ነኝ

ከጂኤቲኬ ውጭ ማየት ከፈለጋችሁ ዲፕቫሪያንት (ቫሪያንት ጠሪው) ከጂኤልኔክሰስ (የጋራ ጥሪውን ከሚያወጣው) ጋር ለ480 ናሙና ምቹ ነው፤ የቪኪውኤስአር ጣጣው ይቀራል። ጂፒዩ የሚጠቅመው ግን ከዲፕቫሪያንት ሦስት ደረጃዎች መካከለኛውን፣ ኮል-ቫሪያንትስን ብቻ ነው። ሜክ-ኤግዛምፕልስ ሲፒዩ ይበላል፤ ሦስቱንም በአንድ ጂፒዩ ማሽን ላይ ብታሄዱ ውዱ ካርድ አብዛኛውን ሰዓት ቁጭ ብሎ ይከፈልበታል። ለያይታችሁ አሂዱ። ጊዜ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ የኤንቪዲያ ፓራብሪክስ አላይንመንቱንም ጥሪውንም ጂፒዩ ላይ ያወጣዋል፤ አንድ የ30 እጥፍ ናሙና ባለብዙ ካርድ ማሽን ላይ ከአንድ ሰዓት በታች ይጨርሳል። ሰዓት ትገዛላችሁ እንጂ ገንዘቡ ላይቀንስ ይችላል።


ሃፕሎ_ቆጣሪ

በዲፕቫሪያንት አልጣላም፤ በኢንዴልም (የፊደሎች መጨመር ወይም መጉደል) ጎበዝ ነው። የተጀመረውን ግን መሐል ላይ አትቀይሩት። የዲፕቫሪያንት ጂቪሲኤፍ ለጂኖታይፕ-ጂቪሲኤፍስ አይሆንም፤ ጂኤቲኬው የሚጠብቃቸው አኖቴሽኖች የሉበትም። የተወሰኑት ናሙናዎች በአንዱ፣ የቀሩት በሌላው ከተጠሩ ደግሞ ልዩነቱ እንደ ባች ኢፌክት (ከአሠራር እንጂ ከሰዎቹ የማይመጣ ልዩነት) ሆኖ በፒሲኤ (ናሙናዎችን በተመሳሳይነት የሚያሳይ ትንተና) ላይ ሁለት ክምር ይሠራል። መቀየር ካለባችሁ ከክራሙ ተነስታችሁ 480ውንም በአንድ ስሪት፣ በአንድ ኮንቴይነር እንደገና ጥሩ። ኮንቴይነሩንም ሌተስት በሚለው ታግ ሳይሆን በዳይጀስቱ (በማይለወጠው መለያው) ጥቀሱት፤ ታጉ ሥር ያለው ኢሜጅ ከተለወጠ ሥራው ሳያልቅ ናሙናዎቹ በሁለት ስሪት ይከፈላሉ፣ ኔክስትፍሎም አይነግራችሁም።